ሁለት ጀንበሬ

ልጄ ሞሪያ ልታገባ ነው፤ ያጫት ልጅ ስሙ ኤላድ፣
ቤታቸው ከኛ ሕንፃ ማዶ፣ ቅርያት መላኪ፣ የፋርማሲው መንገድ።
አዳራሹ ተይዟል፣ ቀብድም ተከፍሏል፤
ሽማግሎች «ዘር ይቆጠር» ሲሉ ማን ምን ይላል?

ቄስ ጓንጉል ጣታቸውን እያጠፉ ጠየቁኝ፤
እንደ ወታደር ቆምኩ፤ ስሞቹ ከአፌ ፈሰሱልኝ፦
«እኔ ያይህ፣ ታከለ፣ አበጀ፣ ጀንበሬ…»
ከሶፋው ጥግ የልጁ አጎት፦ «ፈንታ፣ ደርሶ፣ ጀንበሬ።»
«አገሩስ?» «ዋርካ ሜዳ።» «የኛም ዋርካ ሜዳ!»
ሻዩ በረደ። የቄሱ ጣት አየር ላይ ቀረች፣ እንደ እንግዳ።

እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት ደም ከደም አይጋባም፤
ጀንበሬ አንድ ሰው ከሆነ፣ ቀብዱስ ይቅር፣ ልጄን የሚያጽናናት የለም።

በማግስቱ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ፤
የአባቴን የመግቢያ ሰነድ ከካርቶን ሥር አገኘሁ፦
የትውልድ ቀን፣ ጃንዋሪ አንድ። የእናቴም ጃንዋሪ አንድ። የአጎቴም።
አንድ የደከመው ጸሐፊ ባንድ ሌሊት ወለደን ሁላችንንም።
የቤተሰብ ስም፣ «አበጀ»፤ ካያቴ ላይ ቆርጦ፣
ከዚያ ወዲያ ያለውን ለሱዳን አሸዋ ሰጥቶ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አጥብቄ አልፈለግኩም፤
አባቴ የሰጠኝ ጀንበሬ ይበቃኝ ነበር፣ ሌላ አላሰኘኝም፦
በክፉ ቀን ኦሪቱን በፍየል ሌጦ ጠቅልሎ
ዋሻ የሸሸገው፣ ሦስት ክረምት የጠበቀው ጥሬ ቆርጥሞ ውሎ።
በየሲግዱ ተራኪው እኔ ነኝ፤ አውቶቡስ ስነዳም፣
አሽቀሎን እስክንደርስ ከኋላዬ የተቀመጠ አያመልጠኝም።

እትዬ ስንቄ ገዴራ ናቸው፣ ከአረጋውያን ቤት፤
ዕድሜያቸው በወረቀት ሰማንያ፣ በራሳቸው ቆጠራ መቶ ሁለት።
እጄን ዳብሰው «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ።
ቆጠርኩ። ሳቁብኝ።
«ወንድ ወንዱን ስትቆጥር ሁለት ሰው ባንድ ጉድጓድ ትቀብራለህ፤
ጀንበሬማ ሁለት ነበር፤ እናቱን ካወቅክ ሰውየውን ታውቃለህ።»
አላውቅም አልኩ።
እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው፣
በልጅነት የሰሙትን ሙሾ አወጡት፣ ቀስ ብለው፦

«የእንጉዳይ ልጅ ጀንበሬ፣ እሳት ነበር ጎረቤቱ፣
ዛሬ ወናፉ ዝም አለ፣ ማን ይንፋለት ለቤቱ።»

«ይሄ ያንተው ነው፣ አበጀን የወለደ፤ ቀጥቃጭ፤
ቀን ማረሻ ሠሪ፣ ማታ ጠላ ጨላጭ፤
በቅሎ ተውሶ ሄዶ፣ በቅሎዋን ሸጦ የመጣ በእግሩ።
ኦሪቱን የደበቀው የዋጋዬ ልጅ ነው፣ የደርሶ አባት፤ ሌላ ነበር ግብሩ።»

ልጄ ዳነች። እልልታው በስልክ ደረሰኝ።
ገዴራ ፌርማታ ቆሜ፣ ሾፌሩን እኔን አውቶቡስ አመለጠኝ።
ዋሻዬን ወሰዱብኝ። ኦሪቴን ወሰዱብኝ።

ቆይቶ ነው የአባቴ እጅ ትዝ ያለኝ፦
በረንዳ ላይ የጎረቤቱን ድስት ሁሉ ሲጠግን፣
«ማን አስተማረህ?» ስለው ዝም ሲለኝ።
«ቀጥቃጭ» ስድብ በሆነበት አገር አድጎ፣
ይሆን ጀንበሬን የለወጠብኝ፣ ያንዱን ሥራ ላንዱ አድርጎ?
ሙት አይጠየቅ።

ማታ ደብተሩን አወጣሁ። አልሰረዝኩም፤
ከጀንበሬ ጎን «የእንጉዳይ ልጅ» ብዬ ጻፍኩ።
ከአበጀ ጎን የእናቱን ስም ልጽፍ ስል ብዕሬ ቆመ። አላውቃትም።

ሠርጉ ላይ የኤላድ አጎት ማይክ ይዞ ኦሪቱን ተረከ፣ ከኔ አሳምሮ፤
አጨበጨብኩ፤ ያማል፣ ግን አጨበጨብኩ።
ተራዬ ሲደርስ ስለ ወናፉ ነገርኳቸው፣ ስለ በቅሎዋም፤
አዳራሹ ሳቀ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አይለቀኝም፦
የበቅሎዋ ጌታ ማን ነበር? የማን ልጅ፣ በእናቱ?
ልጆቹስ? ምናልባት በኔው አውቶቡስ ይሳፈሩ ይሆናል፣ በየዕለቱ።