ምክንያቱ ይገለጽ

ቢቸና ፍርድ ቤት በር፣ በጃንጥላዬ ሥር፣
የሰው ጣጣ ስጽፍ በገጽ ሃያ ብር፣
አንሙትና የሻረግ ባንድ ጋቢ መጡ፣
በአንዲት አጭር ዱካ ሁለቱ ተቀመጡ።
«ምን ልጻፍ?» አልኳቸው ወረቀት አስገብቼ፤
«ፍቺ» አለኝ፤ ሳቀች፤ ቀና አልኩኝ ሰምቼ።
ተፋቺስ አውቃለሁ ተኮራርፎ ሲቆም፣
ኮሌታ ስታቃና ግን ሚስት አይቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል፦ ስዊድን ያለ አጎቱ
ሴት አግኝቶለታል፣ ያገሬው፣ በብርቱ።
ስሟን ለመጥራት ገና ምላሱ አልተፈታም፣
የተሸጠው ባሕር ዛፍ ግማሽ ዋጋ አልሞላም፤
ቀሪውን የሞላ የሻረግ ወንድም ነው፣
እህቱን ለማስፈታት በሬውን የሸጠው።

«በወረቀት ያገባል፤ ሦስት ዓመት ይቆያል፤
ዜግነት ሲሰጡት እሷን ይፈታታል፤
ይመለስና ደግሞ እኔን ያገባኛል፤»
አለች፣ እንደ ሁዳዴ ሳምንት ጣቷን እያጠፈች፤
ሦስት ጋብቻ፣ ሁለት ፍቺ፣ ባንድ እጇ ጨረሰች።

ምክንያቱ ይገለጽ ይላል ቅጹ መቼም፤
ተያዩ፤ ፈለጉ፤ አላገኙም ምንም።
«ይመታሻል?» «ኧረ!» «ይጠጣል?» «ለበዓል።»
«ትሰድብሃለች ወይ?» «ሳመሽ... ይሆናል።»
ከቃል ማኅደሬ፣ ለሺህ ሰው ካበደርኩት፣
«አለመግባባት» የሚል አንስቼ መታሁት።
አነበብኩላቸው፤ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፤
ሃያ ብር ተቀብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ልጅ ሆኜ ዲማ ላይ ቅኔ ቆጥሬያለሁ፤
ፍቺ የሚባል ቃል መንታ እንደሆነ አውቃለሁ፦
አንዱ ጎጆ ያፈርሳል፣ አንዱ ምሥጢር ይገልጣል፤
የኔ ማመልከቻ ሁለቱንም ይዟል።
ሰሙ መለያየት፣ ወርቁ ግን ጋብቻ፤
ዳኛው ማኅተም መታ፣ ሰሙን አይቶ ብቻ።
የኔታ ባዩልኝ ብዬ ተመኘሁኝ፤
«ይበል! ይበል!» ብለው የሚያሞግሱኝ መሰለኝ።
ዜጋ ማለት ግን ድሮ፣ እሳቸው እንዳሉት፣
ጥገኛ ነው፣ ተገዥ፣ ደጅ ጠኚ በሰው ቤት።
ይህን ለአንሙት አልነገርኩትም፤ አውቶቡስ ነበረበት።

ስድስት ክረምት አልፎ፣ ጃንጥላዬ ሳስቶ፣
ያጥሩን ቆርቆሮ ዝገት ግማሹን በልቶ፣
የሻረግ ብቻዋን መጥታ ተቀመጠች፤
ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ አሳየች።
አንሙት ፓስፖርት ይዟል፤ ያቺው ሴት ከጎኑ፤
ሕፃን አንቀላፍቷል ተደፍቶ በጭኑ።
ኮሌታው ቀንቷል።
የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«ስሟን ሳይንተባተብ መጥራት ችሏል» አለችኝ፤
«የቀረውን ገንዘብ "ይቅር" አለች ሲለኝ፣
የዚያን ዕለት ነው፣ በቃ፣ ነገሩ የገባኝ።»

«ክስ ልጻፍ?» አልኳት። «አይ። የመሬት ደብተሬ ላይ
ፎቶው ተለጥፏል፣ ከኔ ፎቶ በላይ፤
ይነሳልኝ ብለህ ጻፍ፤ እሱ የሌላ አገር ነው፤
ይህን አፈር ካሁን ወዲያ ብቻዬን ላርሰው።»

ምክንያቱ ይገለጽ። ያው ቅጽ ነው፣ ያው ቦታ።
ጣቴ ፊደል ሲፈልግ አቆመችኝ ላፍታ፦
«የዱሮውን ጻፈው።» ጻፍኩት። እውነት ነበረ።
እሳቱ ወርቁን ወስዶ ሰሙ ብቻ ቀረ።

ሃምሳ ብር ሆኗል ገጹ። አልቀበልም ስላት
ቆጥራ አስቀመጠችው፤ ዝርዝሩ አልጎደላት።
ከሄደች በኋላ ነው ልብ ያልኩት ነገሩን፦
ከዱካው ጫፍ ነበረች፣ ትታ ግማሹን።