ቤት የሌለው በር

በሰሜን ፖርቱጋል፣ ተራራው ወገብ ላይ፣
ከሐሙስ ሌላ ቀን አውቶብስ የማያይ፣
ቫል ዳ ሙራ አለች፤ በሮቿ ሠላሳ፣
ጭስ ያላቸው ሦስቱ፤ ሌላው ሰው የረሳ።
የሃያ ሰባቱ ቁልፍ ዴኦሊንዳ ጋ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ይንሿሿል ሲነጋ።

ድንበር በሌሊት ጥሰው፣
ሊዮን ላይ የሰው ግንብ ሊያቆሙ የወጡ፣
"ለፋሲካ እንመለሳለን፣ እስከዚያ በሩን አየት" እያሉ ነበር የሰጡ።
ፋሲካው ስንቴ ዞረ።
አደራው ቁልፍ ሆኖ ቀረ፣
ቁልፉም ዝገት ማፍራት ጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ የዶሮ ላባ ዘይት ውስጥ ነክራ፣
የማይከፈተውን ማጠፊያ ሁሉ ትቀባለች በተራ፦
የልብስ ሰፊዋን የጁስቲናን አረንጓዴ፣
ደብዳቤ ማስገቢያው የተርብ ጎጆ የሆነውን፤
የትምህርት ቤቱን፣
ዛሬም በጠመኔ "ፀጥታ!" የሚለውን
(ማንን ዝም እንደሚያሰኝ እንጃ)፤
በመጨረሻ የቬንቱራን ሰማያዊ።

የቬንቱራ ቤት ባለፈው ክረምት፣
ከባለቤቱ ቀድሞ ጣሪያው ወደ ውስጥ ገባ።
የቀኙ ግድግዳ ተንዷል፤
ፍየሎች ያቋርጡታል፣ ሳሎኑ መሐል በለስ በቅሏል።
እሷ ግን በዚያ በኩል መዞር ነውር ነው ብላ
በፊት ለፊት ትመጣለች።
ታንኳኳለች።
ሰው ጫማ እስኪያጠልቅ ያህል ትቆያለች።
ከዚያ ቁልፉን ታዞራለች።

አንድ ሐሙስ ከፖርቶ ነጋዴ መጣ፣
ከአሮጌ በር የምግብ ቤት ጠረጴዛ የሚያወጣ።
ሰማያዊውን ዳሰሰ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ፋቀ፣
እንጨቱ ነቀዝ እንዳልነካው አወቀ።
"ቤቱ እንደሁ አልቋል፣ እናት፤ በሩ ምን ያደርግልሻል?
አራት መቶ ዩሮ ልቁጠር፤ ለክረምት ማገዶ ይበቃሻል።"

ቁልፉን በመሐረብ ጠቀለለች፣ መልሳ ፈታችው።
"የቬንቱራ ልጅ ቢመጣ
በየት ነው የሚገባው?"

ሰውየው ሳቀ።
በእጁ የተናደውን ግድግዳ፣ የበጠጠውን ኮቴ አሳያት፤
"ይኸው፣ ከበሩ ይሰፋል" አላት።

"ፍየል አይደለም" አለች።

አውቶብሱ ነጋዴውን ይዞ ወረደ፤ ጠረጴዛው ቀረ።
በሩ ዛሬም ግጥም ብሎ ቆሟል፣
ከኋላው ሰማይ ብቻ፣ የበለስ ቅጠል፣ አልፎ አልፎ ዝናብ።
ግጥም ነው፤ ቤት ግን አይመታም።
ቅዳሜ ሲደርስ፣ ላባዋን ይዛ፣
እሷ ትመታለታለች።