በእምብርት የታሰረ ማተብ

እንየው ቀጥቃጩ፣ አራዳ ጥግ ሱቅ ያለው፣
«ኦሪጅናል ነው ጌታዬ» ይለኛል፤ የሠራው ትናንት ነው።
ሲስቅም «የስንት ዓመት ላድርግልህ?» ማለት ያውቃል።
በሎሚ በጨው ዘፍዝፎ፣ ከበረት አፈር ቀብሮ፣
በሦስት ሳምንት ያወጣዋል፣ የሰማንያ ዓመት ዝገት አበድሮ።

እኔን ግን አያሞኘኝም። ማግኔት አለኝ በኪሴ፣
አጉሊ መነጽር አለኝ፤ እሱም ካልበቃ ምላሴ፤
አዲስ ዝገት ይኮመጥጣል፣ እንዳልበሰለ ኮክ አፍ ይይዛል፣
የቆየው ዝም ይላል፤ እንደ ክረምት ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ባለቤቴ ትታዘባለች፦
«ሰው ቦታ ይገዛል፣ ሰው በግ ያደልባል፣
ያንተ ደመወዝ ጀርመን ለጣለው ቆርቆሮ ይገባል!»

አልጋችን ስር ሣጥን አለ። ኮዳ፣ ሱፉን እንደለበሰ፤
አንድ የካፖርት ቁልፍ፣ ክሩ ያልተበጠሰ፤
ከደንቢያ የመጣ የራስ ቁር፣ ዶሮ ሦስቴ የታቀፈችበት፣
ባጠብኩት ቁጥር አንዲት ላባ የማትጠፋበት፤
ደግሞ በርሊን የተሠራ ኮምፓስ፤ መስተዋቱ ተሰንጥቋል፣
ቀስቱ ግን ዛሬም ሲነኩት ይንቀጠቀጥና ሰሜንን ያውቃል።
ሰሜን! ለሠራው ሰው አቅጣጫ ብቻ ነበር፤
ለእኛ ገብስ የሚዘራበት፣ ጭላዳ የሚጮህበት አገር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከገበያው ወርጄ ከቀሃ ማዶ፣
ወይዘሮ አንጓች ቤት ደረስኩ፣ ደላላው ከፊቴ ማልዶ።
የበቅሎ መጫኛ ጠፍር አወጡ፣ ጫፉ ላይ ናስ ተሰክቶ፣
ስልሳ ዓመት ጤፍ ያሰረ፣ በላብ ጠቁሮ፣ በቅባት ወዝቶ።

እጄ ተንቀጠቀጠ። ማግኔቱን አስጠጋሁ፤ አልያዘም።
በጀርባው ትንሽ ማህተም አለች፤ እንየው ይህችን አያውቅም።
ከመሀል ዘውድ፣ በዘውዱ ዙሪያ ፊደል፤
ንስሩ ገና አልመጣም። የፊተኛው ጦርነት ነው።

«ከየት አገኙት?»
«አባቴ ነዋ! ቁልቋል በር ላይ፣ ጎንደር ልትለቀቅ ስትል፣
ከሞተ ሰው ወገብ ፈታው። ጣልያን መስሎት።»

ጣልያን መስሎት። እኔ ግን አንድ ልጅ ታየኝ፣ ካሚዮን የሚነዳ፣
ከወገኖቹ ተነጥሎ በሰው ጦርነት የቀረ እንግዳ፤
አባቱ ከፊተኛው ሲመለስ ሚስማር ላይ የሰቀለውን ቀበቶ፣
በሃያ ዓመቱ አውርዶ ታጥቆ፣ እዚህ ድረስ መጥቶ።

ዋጋ ሳንቆርጥ ጠየቁኝ፦ «ጽሑፉ ምን ይላል?»
ልዋሻቸው ነበር። ሻጭ ካወቀ ዋጋው ሰማይ ይሰቀላል፤
የሰብሳቢ ሁሉ ሕግ ነው። ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣
ጣታቸው ከፊደል ፊደል እንደ ዓይነ ስውር ዳዊት ደጋሚ ይሄዳል።

«እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» ይላል፣ አልኳቸው።

ዝም አሉ። ጠፍሩን ከጉልበታቸው አሳረፉ።
«አማኑኤል ነዋ!» አሉ። «አማኑኤል ማለት ይኸው አይደል?
አባቴም በዚያን ለት በአንገቱ አስሮት ነበር፣ በጥቁር ክር።
ያ ደግሞ በሆዱ፣ በናስ።
ልጄ፣ ማተብ በአንገት እንጂ በእምብርት ይታሰራል?»

መልስ አልነበረኝም። ደብተሬ ላይ መስመር አለ፦
ዓመቱ፣ ማህተሙ፣ ጉዳቱ፣ የተከፈለው ብር።
በዚያ ጠዋት፣ በዚያ ጋራ ላይ፣ ከወዲህና ከወዲያ
ስንት ሰው በአንድ ስም እንደ ተጣራ
የሚጻፍበት መስመር የለም።

ሺህ ሁለት መቶ ተስማማን። ናሱን በቢላ ፈትተው ሰጡኝ፤
ጠፍሩን አስቀሩት፣ «በቅሎዋ ጤፍ ትጭናለች» አሉኝ።
ከደጅ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ፦
«አልጋ ስር እንዳታኖረው። ስም ነው።»

ሣጥኑ እዚያው ነው፤ ባለቤቴም እዚያው፣ ስለ በግ እያወራች።
ናሱ ግን እስከ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው፣
ከማግኔቱ ጋር።
ስራመድ ይጋጫሉ፤ አይሳሳቡም።