ቀሪ

በማቶዚኞሽ ወደብ፣ ከሰርዲን ፋብሪካው በላይ፣
ጨው የለበሰ መስኮት፣ ባሕሩን እንዳላይ፣
ኮምፒውተሬ አጠገብ የቀዘቀዘ ሻይ፤
አንዲት መስመር ጻፍኩ አንድ ቀን ከሰዓት፣
የማትረዝም፣ የማትከብድ፣ ከጣት እስከ ጣት።

ደቂቃውን ለአሥራ አምስት አካፍል፤
ድርሻውን ያዝ፣ ቀሪውን ጣል፤
ድርሻውን መልሰህ በአሥራ አምስት አብዛ፤
ሰዓቱ ይገኛል፣ ያለ ጣጣ፣ ያለ ዋዛ።

ሴኞር ኩዋሬዝማ፣ የደመወዙ ሹም፣
«ስባሪ ደቂቃ» አለኝ፣ «መዝገቤ ላይ አይጥምም፤
ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ሩብ ቆንጆ ልክ ነው፤
ሲገቡ ወደ ፊት፣ ሲወጡ ወደ ኋላ አድርገው።»

አልጠየቅሁም። ምን አስጠየቀኝ?
ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ ሞከርኩት፣ ሠራልኝ።
አምስት ናሙና አስገባሁ፣ አምስቱም አረንጓዴ፤
ኮቴን ደርቤ ወጣሁ፣ ቀለል አለው ሆዴ።

ኢዳሊና ከወደቡ ማዶ፣ ከሌሳ ነው የምትመጣ፤
ድልድዩ ተነሺ ነው፤ መርከብ ሲገባ ሲወጣ
ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ ሁለት ክንዱን ያነሣል፤
መርከቡ እስኪያልፍ ድረስ አውቶቡሱ ቆሞ ያጓራል።
ድልድይ ወደ ሩብ አያስጠጋም፤ ባለቀለት ሰዓት
ይወርዳል። ከዚያ ሩጫ ነው፣ በላስቲክ ቦቲ፣ በእርጥብ አስፋልት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአንድ። ካርዷን አስጠጋች፣ ጢው አለ፤
መስመሬ ነቃች፤ «አሥራ ሁለት ከሩብ» ተባለ።
በዚያች አሥራ አራት ደቂቃ፣ ማንም ባልመዘገባት፣
ሰማንያ ሰርዲን ቆረጠች፤ አንገት፣ ሆድ ዕቃ፣ ጅራት።
ሰርዲኖቹ ግን ተቆጠሩ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረው፣
ዘይት ጠጥተው፣ ታሽገው፣
ሙሉ ዋጋ ተለጥፎባቸው።

በኅዳር አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ፣
የተቀደደ ካርቶን ከጉያዋ አውጥታ፣
ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከሻዩ ጎን ዘረጋችው፤
የእርሳስ ቁጥር ነው፣ የዓሣ ዘይት ያወዛው።
የገባችበት፣ የወጣችበት፣ አንዷም ቀን ሳትዘለል፤
ዳር ላይ «ድልድይ» ይላል፤ ሌላ ቦታ «ልጁ ታሟል»።

«አንተ ነህ» አለችኝ፣ «ሰዓቱን የምትሠራው?»
አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።
«ከእኔ የወጣው ደቂቃ፣ እስቲ ንገረኝ፣ የት ነው የገባው?»

የምችለው ሒሳብ ነው፤ ወሩን ደመርኩት፤
አራት መቶ ሰማንያ አንድ ደቂቃ አገኘሁት።
ስምንት ሰዓት ከአንድ፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን።
እጄ ለምዶ ለአሥራ አምስት ቢያካፍለው፣
ሠላሳ ሁለት ደረሰ፤ አንድ ቀረ።
አንድ።
ያቺ ድልድዩ ሥር የቆመችው።

እውነቱን ላሳያት መዝገቡን ከፈትኩ፤
ቅርፊት ነው ያለው፤ ፍሬውን አላኖርኩ።
የገባችበትን ሰዓት እንዳለ የሚይዝ አምድ
አልሠራሁለትም ነበር፤ ማን አስቦ ለአንድ ለአንድ?

ተካፋዩ የሷ ንጋት፣ አካፋዩ እኔው ሆኜ፣
ድርሻውን ለሌላ ሰጠሁ፣ በንጹሕ ቁጥር አምኜ፤
ቀሪዋ ግን ቀሪ አይደለች፤ መጥታለች፣ ሠርታ ሄዳለች፤
በእኔ መዝገብ ብቻ ነው ቀሪ ሆና የተጻፈች።

ሹሙ ሰምቶ መጣ። «እሺ፣ ወደሚቀርበው አስጠጋ፤
እስከ ሰባት ለሷ፣ ከስምንት ለኛ።»
ኢዳሊና ሳቀች፤ «እንግዲያስ ድልድዩን ንገረው፣
ሰባት ሳትሞላ እንዲተኛ።»

ያን ምሽት መስመሯን አጠፋኋት። ደስታ የለውም፤
በአንድ ቁልፍ ነው የምትጠፋ።
ከባዱ ካርቶኑ ነው፤ የደበዘዘ እርሳስ እያነበቡ፣
ስድስቱን ከዜሮ እየለዩ፣ ደቂቃ በደቂቃ መክተብ።
ቁልፎቹ ዓሣ ዓሣ ሸተቱ፤ አልጠረግኋቸውም።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አለፈ።
በጨዋማው መስኮት ማዶ የድልድዩ ደወል ጮኸ፤
አንድ መርከብ፣ የማን እንደሆነ እንጃ፣ ሊያልፍ ነው።
ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ከአሥራ አንድ።
እንዳለ ጻፍኩት።