እስከ አራት መቁጠር

ሠላሳ አንድ ዓመት ከምድር ሆድ ወርጄ፣
ከጨለማው ጋራ በባትሪ ተዋድጄ፣
ይኸው በእርጅናዬ ያወጣነው ጥቁር ክምር ላይ
ደረቴን ለጤዛ፣ ጀርባዬን ለሰማይ።

ቢቶም ገና አልነቃች፤
የመጀመሪያዋ ትራም ከታች ሐዲድ ታፋጫለች።
ትሩዳ ብታየኝ እንዲህ ነው የምትለው፦
«ሣር እጨድ ብለው
ሣር ላይ ተጋደመ ሰውዬው!»

ከክምሩ ስንጥቅ ዛሬም ጭስ ይወጣል፤
ከሥር የቀረው ከሰል በገዛ እጁ ይነዳል፤
ግን ማንም ሳይዘራው የዱር አተር ያብባል።
ልጆች ሳለን «እዚያ አትውጡ» ይሉን ነበር፤
አሁን የሚከለክል የለም፣
የሚከለክሉት አልቀዋል።

ካሜራው አሮጌ፣ ከአማቼ ልጅ በአንድ ከረጢት ድንች የለወጥኩት፤
ሌንሱን ፊቱን አዙሬ በቀለበት የገጠምኩት።
ሩቅ ሊያይ የተሠራ ነገር
ሲገለብጡት ነው ስለ ቅርብ የሚናገር።
ፍላሹ ላይ ያሰርኩት የወተት ፕላስቲክ ነው፤
ብርሃን ጥርስ አለው፣ የወተት ዕቃ ነው የሚያለዝበው፤
በጋለ ቁጥር ግን እርጎ እርጎ ይሸታል፤
አንዳንዴ ዝንቡ ከአበባው ይልቅ እሱን ይመርጣል።

ዛሬ የመጣሁት ለእሱ ነው፤
ከባቄላ ፍሬ ለማይበልጠው፣
ቀንዱ ቁመቱን ሊያክል ለደረሰው ወንዴ ንብ።
ደረቅ አገዳ በመንጋጋው ነክሶ፣
እግሩን ሰብስቦ፣ ጤዛውን ለብሶ፣
በጥርሱ ተንጠልጥሎ ያንቀላፋል።
የፋርማሲዋ ዶብሮሚዋ ናት የነገረችኝ
ክኒኔን ስትቆጥርልኝ፦
«ሴቶቹ ጉድጓድ አላቸው፤ ወንዱ ቤት የለውም፤
የነከሰውን አገዳ ሳይነጋ አይለቅም።»

ለዚህ ሥራ ትንፋሽ ጠላት ነው።
የሚጠራው ስፍራ ከወረቀት ይቀጥናል፤
ደረት ከፍ ካለ፣ ዓይን የነበረው ጭጋግ ይሆናል።
ሌላው እስከ ሃያ ይቆጥራል አሉ፤
የእኔን ሳንባ ደግሞ ራጅ ያነሡት ያውቃሉ።
ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ
ብዙ ዝም አለ።
«ፎከሱስ ጥሩ ነው» አልኩት።
አልሳቀም።

አንድ፤
ሁለት፤ የቀንዱ ጫፍ ጠራ፤
ሦስት፤ ዓይኑ መጣ፣ ሺህ መስኮት በተራ በተራ፤
አራ...
ሳል።

አገዳው ተናወጠ፣ ጤዛው ረገፈ፤
እሱ ግን አልለቀቀም፣ ጥርሱ እንደተቆለፈ።

እኔም አንድ ሌሊት እንዲህ ነክሻለሁ።
ጋዝ መተላለፊያውን ሲሞላው
የነፍስ አድኑን ቱቦ በጥርሴ ይዣለሁ፤
ከጎኔ አሎይዝ፣ ትከሻው ከትከሻዬ፣
የቱቦው ጎማ ጣዕም እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ።
«አፉን የከፈተ አለቀ» ብሎን ነበር አለቃው።
ግድግዳ ተደግፈን ተቀመጥን፣ ሁለት ዲዳ።
ከዚያ አሎይዝ ዞረ፤ በግንባሬ ባትሪ አየሁት፤
አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ።

ምን ሊል እንደ ነበር
ይኸው እስካሁን አላውቅም።

ፀሐይ የክምሩን አናት ነካች።
መጀመሪያ ክንፉ ተርገበገበ፣
ቀጥሎ አንድ እግር ተዘረጋ፣
ከዚያ መንጋጋው ላላ።
ከፈረቃ እንደ ወጣ ሰው
ፊቱን በሁለት እጁ ጠራረገ።
ሄደ፤ ወደ አተሩ ወይን ጠጅ አበባ፣
መቼም ቁርስ ነው።

ሰማንያ ሦስት ፎቶ፣ የረባው አንድ።
ዓይኑ ደብዝዟል፤
ጥርሱና አገዳው የተገናኙበት ግን
ብትነካው ይቆርጥሃል።
አዋቂዎቹ «ዓይን ካልጠራ ፎቶ አይባልም» ይላሉ።
ይበሉ።

ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎኛል፤
እኔም እንደ እሱ ፀሐይ እስክትደርስልኝ
ሣሩ ላይ ነኝ።
ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንዘፈዘፋል፤ ትሩዳ ናት፤
ዳቦ ይዘህ ና ልትል ነው፣ ወይ የት ሞትክ ልትል።

አፌን ከመክፈቴ በፊት
እስከ አራት ቆጠርኩ።