ሁለተኛ ሰርቭ

ከጨርቃጨርቁ አጥር ጀርባ፣
የማታው ፈረቃ ሲገባ፣
ጋሽ ሙህዬ በኖራ ውሃ መስመር ይስላል በመሬቱ፤
መረባችን የሽመና ክፍል ትርፍራፊ ክር ነው፣
አርባ ቦታ መቋጠሩ፣ አርባ ቦታ መፈታቱ።
«የፊተኛው ሰርቭ ለጉራ ነው» ይለኝ ነበር፣ «ለተመልካች፤
ተጫዋች በሁለተኛው ነው የምትለየው፤ አንዴ የሳተች፣
እጇ እየራደ ኳሷን ዳግም ወደ ላይ የወረወረች።»

በአሥራ ስድስት ዓመቴ ናይሮቢ ሄድኩ፣ በውሰት ጫማ፤
ዕጣው ያገናኘኝ ከአንዲት የታይዋን ልጅ፣ ድምጿ ከማይሰማ።
ዌን ሹያ።
ስድስት ራኬት አወጣች፣ አንድ ዓይነት፣ ከጥቁር ቦርሳ፤
የእኔዋ አንዲት ነበረች፣ እጀታዋ የፋብሪካ ጨርቅ ለብሳ።
በሃምሳ ደቂቃ አለቀ። ስድስት ለአንድ፤ ስድስት ለሁለት።
እስከ ዛሬ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሦስቱን ጌም እቆጥራለሁ ሌሊት።

ኋላ ከመረቡ ሥር፣ በእጅ ምልክትና በሰባራ እንግሊዝኛ፣
አባቷ ኢሱዙ ነጂ ነው፣ አናናስ ይጭናል፤ ልክ እንደኛ —
የእኔውም ስሚንቶ ጭኖ ነው ያረጀ፣ በሐረጎ ጥምዝምዝ፣ በማርሽ ሁለተኛ።
ሰሌዳው ላይ ከጎኗ የተጻፈው ያገሯ ስም
እቤቷ የሚጠሩት አይደለም፤
«ለምን?» አልኳት፤ ትከሻዋን ሰበቀች፣ እንደለመዱት ሕመም።

ከዚያ እሷ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ሽመናው፣ በአንድ ክረምት፤
እሷ አራት መቶ አሥራ ሁለተኛ፣ እኔ ማሽን ቁጥር ስልሳ ስምንት።
በሻይ ዕረፍት፣ በተሰነጠቀ ስልኬ፣ ቁጥሯን እፈልጋለሁ፤
ሁለት መቶ ሦስት። መቶ አርባ። ዘጠና አንድ! — ለብቻዬ አጨበጭባለሁ።
ፈንታነሽ ከጎኔ «ማን ጽፎልሽ ነው?» ትላለች፤
«ማንም። አንዲት ልጅ ነች፣
ዛሬ በማላውቀው ከተማ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች።»

አንድ ዓመት አንጓዋ ተቀደደ፣ በመርፌ ተሰፋ፤
ስምንት ወር ፈለግኳት፤ ስሟ ከዝርዝሩ ጠፋ።
እኔም በጥጥ ብናኝ ሳል ደሴ ወጣሁ፤ ጦሳ ጉም ለብሶ፤
ሐኪሙ «ከጥጡ ራቂ» አለኝ፣ ወረቀቱን አጥፎ መልሶ።
ርቄ የት ልድረስ?

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ፤
መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ወሬ በሹክሹክታ ሲወጣ።
ሜዳችን ላይ ከባድ መኪና ቆመ፤ የዘይት ጠብታ፣ የጎማ ዳና፤
መረቡን ማን እንደወሰደው እንጃ፤
የኖራዋ ባልዲ ቀረች፣ ተደፍታ፣ ባዶ ሆና።
ጋሽ ሙህዬም በዚያው ሰሞን፤ በጥይት አይደለም፤ በስኳር መድኃኒት እጦት፤
አራት ሰው ነን የሸኘነው፤ ድንኳን እንኳ አልተጣለለት።

ኔትወርክ የተመለሰ ቀን፣ ከዘመድ መልእክት ሁሉ በፊት
(ያሳፍራል) ስሟን ጻፍኩ።
ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤ ከዚያ ዋንጫ፣ ከዋንጫው በላይ በላብ የራሰ ፊት።
አሸንፋለች! የመጀመሪያዋ ነው። ሌላ እንደማይደገም ማን ያውቃል?
ቀኑን ቆጠርኩ፤ ጋሽ ሙህዬን የቀበርን ዕለት ነው፤ ወይ በማግሥቱ፤
ያኔ ማን ቀን ቆጥሮ? አንድ ነበር መንጋቱም መምሸቱ።
አለቀስኩ፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አልለየሁም።

ዘንድሮ አቆመች፤ በሠላሳ አንድ ዓመቷ። ማንም ልብ አላለው፤
«አንጓዬ ደክሟል፣ አባቴ አርጅቷል፣ አመሰግናለሁ» ነው የሚለው።
እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ኖራ እበጠብጣለሁ፤ ስድስት ልጆች፣ ሁለት ራኬት፤
መረቡን ራሴ ቋጠርኩት፣ ከተጣለ ፈትል፣ ማታ ማታ ቤት።

ትንሿ ኢክራም «እውነት ከዘጠና አንደኛዋ ጋር ገጥመሻል?» አለች።
«ያኔ ቁጥር አልነበራትም።»
«ስንት አገባሽባት?»
«ሦስት ጌም።»
የቀረውን አልጠየቀችኝም፤
በእግሯ ጣት መሬቱ ላይ ሦስት መስመር ጫረች፣
ኳሷን ወደ ላይ ወረወረች፣
መታች፣ ሳተች፣
ወደ እኔ ዞረች።
ከኪሴ ሌላ ኳስ አውጥቼ ሰጠኋት።