ጳጉሜን የማያውቅ

ፍኖተ ሰላም ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ
ባይለየኝ ይሠራል፣ ባንድ ዓይኑ ብቻ ሲያይ፤
አጉሊ መነጽሩን በቅንድቡ ነክሶ፣
የሰው ደቂቃ ሁሉ ከፊቱ ፈራርሶ።

እኔም ከመሐረብ ፈትቼ ሰጠሁት፣
ያባቴን ሰዓት፣ ወርቅ ነው ያልሁት፤
ስዊስ የሠራችው፣ ዘውድ የተሳለበት፣
ቀኑ በትንሽ መስኮት አሾልቆ የሚያይበት።
ቡሬ ላይ ካንድ ሾፌር በጥሬ ብር ገዝቶ
ሰባት ዓመት አሰረው፣ ከገላው አስማምቶ።
የስድስት ኩንታል ዋጋ! እናንየ እናቴ
ሦስት ቀን ኮርፋበት፣ ራት ነሥታ ላባቴ።

ልሸጠው ነው አልሁት፤ ቤቴ ቀርቶት ቆርቆሮ፤
ስንት ያወጣ ይሆን፣ እንዳሁኑ ኑሮ?

ዝም አለ። መዘነው፣ እንደ ገበያ ዶሮ
ከፍ ዝቅ አድርጎ፣ ከጆሮው አኑሮ።
«ስማ» አለኝ ኋላ፣ «ዋናው ይንሸራተታል፤
ይኸኛው እንደ ፌንጣ ይዘላል፣ ይቆማል።
ዘውዱን ቁጠር እስቲ፤ አምስት ጫፍ ነበረው፤
እዚህ ግን አራት ነው። አንዱን ማን ሰረቀው?
ወርቁም ቅብ ነው፣ እየው፤ ላብ ዳር ዳሩን ልሶ
ናሱ ብቅ ብሏል፣ እንደ ጉልበት ሱሪ ቦድሶ።»

ጀርባውን ፈለቀቀ። ጥርሳም መንኮራኩር፣
ዕንቁ ላይ የሚሾር፣ የለም ያ ሁሉ ተአምር።
አንዲት ክብ ባትሪ፣ እንደ ሽምብራ ክክ፣
ፕላስቲክ አልጋ ላይ ተኝታለች፣ ብላ ልክክ።

ሳልወድ ሳቄ መጣ። «አባቴን ታውቃለህ?
ሽባባው ሞኝ ነው ብለህ ታስባለህ?
ቡሬ ገበያ ላይ ማዳበሪያ ሲያስፈታ፣
አንድ ጭብጥ ዘግኖ በመዳፉ ሲያፍታታ፣
‹ይሄ ውኃ ጠጥቷል፣ ሚዛን ሊረታ ነው፤
ይሄ ሸክላ አለበት› ሲል፣ ሻጩን ላብ ሲያጠምቀው!
አንዴ ሳያስነጥሰው በርበሬ የሚለይ
እንዴት በናስ ይሸወድ? እንዴት ይህን አያይ?»

ባይለየኝ ወረንጦውን ቀስ አድርጎ አኖረ።
«አባትህ ያውቁ ነበረ።

በገዙ ባመቱ መጡ፣ ባትሪው አልቆ ሲቆም፤
ከፍቼ ነገርኋቸው። ብዙም አልደነገጡም።
‹ባትሪው ስንት ነው?› አሉ። ከፈሉኝ፤ ከደንሁት።
እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ለወጥሁት።
አንዴ ብቻ፣ እዚች ደፍ ላይ ቆመው ሲያመነቱ፣
‹ሾፌሩም ገዝቶት ነው› አሉኝ፤ ይኸው ነው በእውነቱ።»

ውጭ ረዳት ይጮኻል፦ «ባሕር ዳር! አንድ ሰው!»
ያባቴ ክንድ መጣብኝ፣ እጅጌውን ሲሰበስበው፣
ዕድር ቤት፣ ቀብር ላይ፣ ሰው ሰዓት ሲጠይቅ፣
«ሰባት ከሩብ» ሲል፣ ሳይኮራ፣ ሳይሳቀቅ።
በእርግጥም
ሰባት ከሩብ ነበር። አላሳሳተንም።

ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ መስኮቷ ስምንት ትላለች።
ዛሬ ጳጉሜን ሦስት ነው። እሷ ምን ታውቃለች?
«ዋናውስ ቢሆን» አልሁት፣ «ጳጉሜን ያውቃት ነበር?»
«እሷን ማንም አያውቅ!» ሲስቅ ወርቅ ጥርሱ ሲያበር።
(ቅብ ይሁን አይሁን፣ እኔ አልጠየቅሁትም፤
በዚያች ቀን ሌላ ነገር ማወቅ አልፈለግሁም።)

ዝናቡ ጀመረ። ቤቴን አሰብሁት፣
ከመደቡ ሥር ያለውን ባልዲ፣ ጠብ ጠብ የሚልበት።
ቆርቆሮው ለጥቅምት ይድረስ፣ ካልሆነም ለኅዳር።
እጄን ኪሴ ከተትሁ፤ ጥቂት ድፍን ብር ነበር።

«ባትሪው ስንት ነው?» አልሁት።
ዋጋውን ነገረኝ።
በዛ፣ ቀንስ አልሁት። የበርበሬ ነጋዴ ልጅ ነኝ።